መጠቅለያ

ዌላንድ ይሏታል፣ የኦንታሪዮ ከተማ፤
መርከብ በቤቶች መሃል ሲያልፍ ጥሩምባው የሚሰማ።
እዚያ ነው የቀጠረችኝ፣ የቪልሞሽ ልጅ ኦርሾያ፣
"ምድር ቤቱን አጽዳልኝ" ብላ፣ "ሞልቶታል የመጠቅለያ
ወረቀት፣ ያረጀ ጋዜጣ፤
መኪናህን ይዘህ ና፤ በጠዋት ተጭኖ ይውጣ።"

ወረድኩ። ጋዜጣ ነው፣ እውነቷን። ግን ደግሞ የተተኮሰ፣
እንደ ሠርግ ሸሚዝ ታጥፎ ከወለል ጣራ የደረሰ።
ሽማግሌው በርጩማ ላይ፣ መነጽሩን ሰቅሎ በግንባሩ፣
"ከእህቴ ነው" አለ፣ "ከኤሜሼ፤ በፖስታ ሲመጡ የነበሩ፣
የበርበሬ መጠቅለያ ሆነው፣ የስኒ፣ የፖፒ ፍሬ፤
በርበሬው ተበላ፤ ስኒው ተሰበረ፤ ወሬው ቀረ እስከ ዛሬ።"

ቪልሞሽ ፊደል ለቃሚ ነበር በአንድ አውራጃ ማተሚያ ቤት፣
የፓርቲውን ልሳን ሲደረድር፣ ገና በሃያ ዓመት።
"ከአናቱ መፈክሩ" ይላል፣ "የዓለም ወዛደሮች ተባበሩ፤
እሱን አንፈታውም፤ እንደታሰረ ነው ማደሩ።
ከሥሩ ያለው ሪፖርትም ብዙ አይለወጥም ነበር፤
ቁጥሩን ብቻ ነው የምንነቅል፣ የምንተክለው ሌላ ቁጥር።

በፈረንጅ ሃምሳ ስድስት፣ ለአሥራ ምናምን ቀን፣
መፈክሩን ፈታነው። አናቱ ነጭ ሆነ። አየነውና ዝም አልን።
ሰዉ የዳቦ ሰልፉን ትቶ ለጋዜጣ ተሰለፈ፤
ታንኩ ሲመጣ መፈክሩ ተመልሶ አናቱ ላይ አረፈ።
እኔ አንዲት የእርሳስ ፊደል ይዤ፣
ሁለት ጭረት ራሷ ላይ ያላት፣ ድንበሩን አለፍኩ በበረዶ ፈዝዤ።
እዚህ ሥራ አላገኘችም። እኔ ቱቦ ፋብሪካ ገባሁ።"

"እንዴት ነበር የሚነበበው?" ስለው ከኋላ ገጽ አመለከተ፤
"መጀመሪያ እግር ኳሱን፤ ቀጥሎ ማን እንደሞተ፤
ከዚያ 'ያገለገለ ጎማ የሚሸጥ' ካለ። ፊት ገጹንስ ማን አሸተተ?
ዝም የተባለለትን ፈልግ። ትናንት ፎቶው ውስጥ የነበረ፣
ዛሬ ክራቫቱም ከሌለ፣ ሰውየው በቃ፣ ተቀበረ።
መስመር መሃል እንፈትሻለን ወርቅ የተደበቀ መስሎን፤
ስንቴ ሰም ብቻ ሆኖ ተገኘ! ወርቁን የምንጨምር እኛው ነን።"

አንዱን አንስቶ ተረጎመልኝ፣ የስልሳ አንድን፣ ቃል በቃል፤
"የመንደሩ ኅብረት እርሻ የስንዴ ምርቱን…" ሲል፣ ሳል
ያዘው። እኔ ጨረስኩለት፤ "ከዕቅድ በላይ አስመዘገበ።"
ቀና አለ። "ሀንጋርኛ ታነባለህ?" "አላነብም።" አሰበ፣ አሰበ፣
ከዚያ እስኪያለቅስ ሳቀ።
እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጋዜጣ በተለጠፈ ግድግዳ ነው፤
ያ ዐረፍተ ነገር አልጋዬ ራስጌ ነበር፣ ትኋን የሚመላለስበት።

ከሚስቱ አንዴ ተጣልተዋል፣ በዚሁ በካውያ ጣጣ፤
የጋዜጣው ቀለም ብረቱ ላይ ቀርቶ፣ በነጭ ሸሚዟ ወጣ።
"ካውያው ላይ ግልባጭ ነው" አለ፣ የሙያ ኩራት በፊቱ፣
"ሸሚዙ ላይ ግን ይቃናል፤ ይነበባል እንደ ጥንቱ።
ትከሻዋ ላይ 'መቶ አራት በመቶ' ተጽፎ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤
ከኋላ ሆኜ አነበብኩት፤ ዝም አልኩ። እሷ ግን ዝም አላለች።"

የመጨረሻው ክምር ቀጭን ነው። ሰማንያ ዘጠኝ፣ መኸር።
አናቱ ላይ መፈክሩ የለም፤ ነጭ ቦታ ብቻ ነበር፣
አንድ ጣት የሚያህል። ቪልሞሽ ጣቱን አኖረበት።
"ይህን ባዶ አውቀዋለሁ" አለ፤ "አንዴ እጄ ነበረበት።"

"ቀጥሎስ?"
"ቀጥሎማ ኤሜሼ በላከችው በሚቀጥለው ሳጥን፣
ስኒው የመጣው በላስቲክ ነው፣ አየር ባረገዘ ሽፋን።
ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ አንድ በአንድ አፈነዳሁት፤
ጧ፣ ጧ ይላል። የሚነበብ የለውም። ግን እስኪያልቅ ፈተሽሁት።"

ኦርሾያ ከላይ ተጣራች፤ "ጨረሳችሁ?" "ገና ነን" አልኩ።
የስልሳ ሁለትን አነሳ። "የብረት ፋብሪካው ሠራተኞች…"
ብሎ ቆመ፤ ዓይን ዓይኔን አየኝ።
ቦዩ ላይ መርከብ ጮኸ። በርጩማ ስቤ ቀጠልኩ።